ከሳንቃበር እስከ ግጭ፦ መኪና የማይደርስበት መንገድ

ዛሬ በእግር ወደ ስሜን ተራሮች እንሄዳለን። መነሻችን ሳንቃበር ካምፕ፣ መድረሻችን ግጭ ካምፕ ነው። በመካከሉ ያለው መንገድ እንደ ተጓዡ ጉልበትና እንደ ዕረፍቱ ብዛት ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓት ይፈጃል።

ስለ ስሜን ሲነሳ ወሬው ቶሎ ብሎ ራስ ደጀን ላይ ይወጣል። ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነ፣ በአገራችን አቻ የሌለው ተራራ ነውና አይፈረድም። እኔ ግን ዛሬ ስለ ጫፉ አልናገርም። ከደባርቅ የሚነሳው የጠጠር መንገድ ሳንቃበርን አልፎ ወደ ጨነቅ፣ ከዚያም ወደ ጃናሞራ ይዘልቃል። በመኪና የሄደ ሰው በአንድ ቀን ጨነቅ ደርሶ፣ ጭላዳን አይቶ፣ ከቀናውም ዋልያን ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። ግጭ ከዚያ መንገድ ወጣ ብሎ በገደሉ አፋፍ በኩል ይገኛል፤ እዚያ የሚያደርሱት እግርና በቅሎ ናቸው። ጊዜና ጉልበት ካላችሁ ይህችን አንድ ቀን ለእግር ስጧት የምለውም ለዚህ ነው። ሣሩ ምን እንደሚመግብ፣ ውኃው ከየት መጥቶ የት እንደሚወድቅ፣ እንስሳው ቀን ምን በልቶ ሌሊት የት እንደሚያድር ደረጃ በደረጃ የሚያስተምረው ይህ መንገድ ነው።

ስለ ፓርኩ ጥቂት ልበል። በሕግ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ሥራውን ካደራጁት አንዱ በዌልስ የተወለደው ሲ. ደብልዩ. ኒኮል ነበር። በአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ተቀጥሮ የፓርኩ ዋርደን ሆኖ ያገለገለ፣ በኋላም ጃፓን ገብቶ ደራሲና የደን ጠበቃ የሆነ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገቡን በመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች ሲከፍት ስሜን ከላሊበላ ጋር አብሮ ገባ። ይህ ታላቅ ክብር ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ያው ፓርክ በአደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ሰፈረ፤ ከዝርዝሩ የወጣው በ2017 ነው። ሃያ አንድ ዓመት በአደጋ መዝገብ ላይ! ለዚያ ያበቃውን ነገር በዚሁ መንገድ ላይ በዓይናችን እናየዋለን።

ጉዞው የሚሰናዳው ደባርቅ ነው። ከሁሉ በፊት የአካባቢውን ጸጥታ ጠይቁ። ያለፉት ዓመታት ለሰሜኑ የአገራችን ክፍል ከባድ ነበሩ፤ መንገዱ ክፍት መሆኑን ከፓርኩ ጽሕፈት ቤትና ከአካባቢው ሰው ሳያረጋግጡ መነሳት አይገባም። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ የመግቢያ ክፍያ ይከፈላል፣ አስጎብኚ ይያዛል፣ መሣሪያ የታጠቀ ስካውት አብሮ ይመደባል። ድንኳኑን፣ ምግቡንና የመኝታ ከረጢቱን የሚሸከሙት በቅሎዎች ናቸው፤ ባለበቅሎዎቹም የዚያው አገር ሰዎች ናቸው። ለበቅሎ የሚከፈለው ገንዘብ በቀጥታ ወደ ባለበቅሎዎቹ ቤተሰቦች ይገባልና በዋጋ ክርክር አታድክሟቸው። በእጃችሁ የምትይዙት ትንሽ ይሁን፤ ውኃ የሞላ ኮዳ፣ ቆሎ፣ ጥቂት በሶ፣ ባርኔጣ፣ የዝናብ ልብስና ዱላ ይበቃል። ጋቢ ለማታ ነው።

ወደ መንገዱ ከመግባታችን በፊት ስለ አየሩ ልንገራችሁ፤ ይህን የማያውቅ ሰው ጥሩ ጉልበት ይዞም ሊቸገር ይችላል። ደባርቅ ከባህር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ያህል ላይ ነው። ሳንቃበር 3,250፣ ግጭ ደግሞ 3,600 ሜትር ገደማ ናቸው። በግጭ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባህር ዳርቻ ካለው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ብቻ ነው። በአንድ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ሐኪሞች የሚመክሩት 3,000 ሜትር ከታለፈ በኋላ የመኝታ ቦታን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳናሳድግ ነው። እንግዲህ የካምፖቹን ቁጥር እንደገና አስቡት። ከደባርቅ ሳንቃበር 400 ሜትር፣ ከሳንቃበር ግጭ 350 ሜትር ነው። ከግጭ በኋላ ያለው ጨነቅ ካምፕ ከግጭ ብዙም አይበልጥም። እያንዳንዱን ካምፕ አድሮ የሚያልፍ ሰው ለሳንባውና ለደሙ የመላመጃ ጊዜ ሰጠ ማለት ነው። ካምፕ ዘልሎ በመኪና በአንድ ቀን ላይ የሚወጣው ግን ይህን ጊዜ ያጣል። የአዲስ አበባ ሰው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሚኖር ግማሹን መንገድ ተለማምዶ ነው የሚመጣው። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ለዕረፍት የመጣ ዘመድ ካላችሁ ግን፣ ሰውነቱ የለመደው የባህር ዳር አየር ነውና ጎንደርና ደባርቅ ላይ ሳያሳድሩ ማውጣት ግፍ ነው።

እንነሳ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ብርዱ ገና አልለቀቀም። ከሳንቃበር የሚወጣው መንገድ በጠባብ ሸንተረር ላይ ይሄዳል። ወደ ምሥራቅ ስንጓዝ በግራችን በኩል የሰሜኑ ገደል ነው። በቀኛችን ቁልቁል የሚወርደው ተዳፋት አለ፤ በዙሪያችን የአስታ ደን ነው። አስታ በሌላው ዓለም ብዙ ጊዜ ቁጥቋጦ ሆኖ የሚቀር ተክል ነው፤ እዚህ ግን ግንድ አውጥቶ ዛፍ ይሆናል። ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነና ትንሽ ስለሆነ በበጋው ፀሐይና ነፋስ ብዙ ውኃ አያባክንም። በመካከሉ ቢጫ አበባ ያለው አሜጃ አለ። ቀጋም አልፎ አልፎ ይታያል።

ከአስታው ቅርንጫፍ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንጠለጠለውን ግራጫ ነገር ልብ በሉልኝ። ብዙ ሰው ዛፉን የሚያደርቅ ጥገኛ ይመስለዋል። ሊከን ይባላል፤ ከዛፉ ምንም አይመጠምጥም፤ ቅርንጫፉን መቀመጫ ብቻ ነው የሚያደርገው። ሻጋታና ዋቅላሚ በአንድ አካል ተጋግዘው የሚኖሩበት ፍጡር ነው፤ ውኃውንም በቀጥታ ከጉም ይወስዳል። ጉሙ ደግሞ ከዚሁ ገደል የሚወለድ ነው። ከቆላው የሞቀው አየር ቀን ቀን ወደ ላይ ይወጣል፣ ከገደሉ ጋር ሲጋጭ ይበልጥ ይነሳል፣ ሲነሳም ይቀዘቅዝና በውስጡ ያለው እርጥበት ጉም ይሆናል። ለዚህ ነው ጠዋት ጥርት ብሎ የሚታየው ሸለቆ ከቀትር በኋላ ብዙ ጊዜ የሚሸፈነው። በማለዳ ተነሱ የሚባለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ ዓይነቱ ሊከን የቆሸሸ አየር አይችልም። በብዛት ተንጠልጥሎ ስታዩት የምትተነፍሱት አየር ምን ያህል ንጹሕ እንደሆነ እወቁበት።

ዛፉ ከፈት በሚልበት ቦታ ወደ ገደሉ ጠጋ እንላለን። ከጠርዙ ግን ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ የሣሩ ሥር ባዶ ሊሆን ይችላል። እዚህ ከአፋፉ እስከ ታች ያለው ጥልቀት በአንዳንድ ቦታ ወደ 1,500 ሜትር ይደርሳል። በገደሉ ፊት ላይ አግድም የተዘረጉ መስመሮች ይታያሉ። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሬት ተሰንጥቃ ትኩስ ቅልጥ ድንጋይ እየደጋገመች ስታፈስ፣ አንዱ ፍሰት በአንዱ ላይ እየቀዘቀዘ የተደራረበ ባዛልት ነው። ከዚያ በኋላ ሥራው የዝናብና የወንዝ ሆነ። ከታች ደሴት መስለው የቆሙት አምባዎች በአንድ ወቅት እኛ ከቆምንበት መሬት ጋር አንድ ነበሩ፤ በመካከላቸው የነበረውን ድንጋይ ውኃ ፈልፍሎ ወደ ተከዜ ወስዶታል። የተከዜ ደለል ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ ተማሪ ካለ መልሱ ከፊቱ ነው።

ፀሐይ ሞቅ ስትል ጭላዳዎቹ ከገደሉ ይወጣሉ። ሌሊቱን ነብርና ጅብ በማይደርስበት ጠባብ እርከን ላይ ተጠጋግተው ያድራሉ፤ ጠዋት ወደ ሜዳው ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ከዚያ ቁርሳቸውን ይጀምራሉ። ቁርሳቸው ሣር ነው። ምሳቸውም እራታቸውም ሣር ነው። ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን በሣር ግጦሽ የሚኖር ዛሬ ከጭላዳ በቀር ሌላ የለም። በመቀመጫቸው ተቀምጠው በሁለት እጃቸው ሣሩን እየነጩ፣ ሳይነሱ ትንሽ ትንሽ እየተንፏቀቁ ይሄዳሉ። በጋ ገብቶ ሣሩ ሲደርቅ በጣታቸው መሬቱን ቆፍረው ሥሩን ያወጣሉ። የዚህ ወገን ቅሪተ አካል ከደቡብ አፍሪካ እስከ ስፔንና እስከ ሕንድ ድረስ ተገኝቷል። በሕይወት የተረፈው ዝርያ ግን አንድ ብቻ ነው፤ የሚኖረውም በኢትዮጵያ ደጋ ነው።

ለመመልከት ጊዜ ስጧቸው። መንጋው በመቶ የሚቆጠር ቢሆንም ትርምስ አይደለም። በውስጡ ትናንሽ ቤተሰቦች አሉ። በአንድ ጎልማሳ ወንድ ዙሪያ የሚኖሩት ሴቶች አብዛኛውን ጊዜ እናትና ልጅ፣ እህትማማች ናቸው፤ ወንዱ በትግል ይለወጣል፣ ሴቶቹ ይቀራሉ። ደረታቸው ላይ ያለው ጠጉር የሌለው ቀይ ቆዳ በወንዱ ላይ ሲደምቅ ብርታቱን ያሳያል። ምልክቱ ደረት ላይ የወጣው ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ስለሚውሉ ነው ብለው የሚገምቱ ተመራማሪዎች አሉ። ወንዱ የላይኛውን ከንፈር ገልብጦ ድዱንና ረጅም ክራንቻውን ካሳያችሁ እየዛተ ነውና ዓይናችሁን ሳታፈጡበት ቀስ ብላችሁ ራቁ። ምግብ አትስጡ። ከሰው እጅ የለመደ ጭላዳ ነገ የገበሬውን ገብስ ይደፍራል፣ ከዚያ የሚከተለው ድንጋይና ውሻ ነው።

አሁን ፓርኩን በአደጋ መዝገብ ላይ ያስቀመጠውን ነገር መናገር ይቻላል። ጭላዳ ሣር ይበላል፣ ዋልያ ሣርና ቅጠል ይበላል፣ ቀይ ቀበሮ የሚያድናቸው አይጦች ሣር ውስጥ ይኖራሉ። ከብትና በግም የሚፈልጉት ያንኑ ሣር ነው። የእርሻው ድንበር ወደ ላይ በገፋ ቁጥር፣ ግጦሹ በበዛ ቁጥር፣ የዱር እንስሳው ወደ ገደሉ ጠርዝ ይገፋል። ዋልያ በዓለም ላይ ከስሜን በቀር የትም የለም። ቁጥሩ ዛሬ በጥቂት መቶዎች ብቻ የሚገመት ነው። የብሔራዊ ቡድናችን መጠሪያ የሆነው እንስሳ በዚህ መጠን ማነሱ ከእንቅልፍ ሊቀሰቅሰን ይገባል።

መንገዱ ከሸንተረሩ ወርዶ ጥቂት እንደሄደ የጅንባር ፏፏቴ መመልከቻ ይመጣል። ከዋናው መንገድ ወጣ ተብሎ በአንድ ጠባብ የድንጋይ ምላስ ላይ ነው የሚደረሰው። ውኃው ከወዲያኛው አፋፍ ተነስቶ ወደ 500 ሜትር ይወርዳል። በመስከረም ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፤ በየካቲት ግን ቀጥኖ ነፋስ የሚበትነው ክር ይሆናል። ሁለቱንም ማየት ያስተምራል፤ የጓሳው ሣር በክረምት ያቆረውን ውኃ በበጋ ቀስ ብሎ እንዴት እንደሚለቅ ያሳያል። ከላይ ያለው ሣር ከተጋጠና ከታረሰ ዝናቡ እንደወረደ ይጎርፋል፤ በበጋ ለወንዙ የሚተርፍ አይኖርም።

እዚያው ሳለን ጢም ያለውን ትልቅ አሞራ ልናይ እንችላለን። ክንፉ ሲዘረጋ ከሁለት ሜትር ተኩል ሊያልፍ ይችላል። ሌሎች አሞራዎች ሥጋውን ጨርሰው የተዉትን አጥንት ይዞ ወደ ላይ ይወጣና ድንጋይ ላይ ይለቀዋል፤ ሲሰበር ወርዶ መቅኑንና ስብርባሪውን ይበላል። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ባለወፍራም ምንቃር ቁራ ደግሞ ከምሳችሁ አይርቅም፤ ዳቦአችሁን ክዳን ባለው ዕቃ ያዙ።

ከፏፏቴው በኋላ ቁልቁለት አለ። ጉልበት የሚያመው ሰው ዱላውን የሚያመሰግነው እዚህ ነው። ወንዙ ዳር ዕረፍት ይደረጋል፣ ምሳ ይበላል። ውኃው ጥርት ያለ ነው፤ ነገር ግን ከላይ ከብት ይጠጣበታል፣ ስለዚህ ሳይፈላ አይጠጣ። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው ከ90 ዲግሪ በታች ነው፤ ቢሆንም ሦስት ደቂቃ ከተንተከተከ ጀርሞቹን ይገድላል። ባቄላና ሽንብራ ግን በዚያ ሙቀት ቶሎ አይበስሉም። የስሜን ምግብ አብሳዮች ሽሮንና በሶን የሚመርጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የተፈጨ እህል ብዙ እንጨት አይፈጅም።

ከወንዙ ማዶ የቀኑ ትልቁ ዳገት ይጀምራል። እዚህ ሩጫ የለም። እያወራችሁ መሄድ ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው። ከፊታችሁ የሚሄደውን ባለበቅሎ ተመልከቱት፤ በቅሎውን እየነዳ፣ በስልክ እያወራ፣ ሳያለከልክ ይወጣል። ይህ የልምድ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ በሳይንስ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካዊቷ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢል ከባልደረቦቿ ጋር በዚሁ በስሜን፣ በአምባራስ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ደም የመረመሩበት ጥናት ታተመ። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሕዝቦች ከፍታን የተቋቋሙት በደማቸው ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚውን ሄሞግሎቢን በማብዛት ነው። የቲቤት ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ሳይበዛ፣ በደማቸው ያለው ኦክስጅን አንሶም ይኖራሉ። የአምባራስ ሰዎች ግን ከሁለቱም ተለዩ። ሄሞግሎቢናቸውም በደማቸው ያለው ኦክስጅንም በባህር ወለል ከሚኖር ሰው ብዙ አልራቀም። የሰው ልጅ ከፍታን የሚቋቋምበት ሦስተኛ መንገድ ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኘ ማለት ነው። ትንፋሽ አጥሯችሁ ድንጋይ ላይ ስትቀመጡ፣ አጠገባችሁ የቆመው ገበሬ የዚህ ታላቅ ግኝት ባለቤት መሆኑን አስታውሱ፤ በአክብሮትም “እንዴት ዋሉ አባባ” በሉት።

በዳገቱ ላይ የቀድሞው የግጭ መንደር አለ። አብዛኞቹ ሙስሊሞች የሆኑ ከ400 በላይ አባወራዎች ለብዙ ትውልድ ገብስ ዘርተው፣ በግ አርብተው የኖሩበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ገደማ ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ሰፈሩ፤ በቀጣዩ ዓመት ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ የወጣበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። በተተወው እርሻ ላይ ሣሩ እየተመለሰ ነው። ለጭላዳውና ለዋልያው መልካም ዜና ነው፣ ደስም ይለኛል። ነገር ግን ዓለም የሚያደንቀው ሣር የበቀለው እነዚያ ቤተሰቦች የእናት አባታቸውን መሬት ትተው ስለሄዱ ነው። ከፓርኩ ከሚገኘው ገቢ ለልጆቻቸው ሥራና ትምህርት ሊደርስ ይገባል ብዬ አምናለሁ። እዚያ ስታልፉ አስጎብኚያችሁን ስለ መንደሩ ጠይቁት፤ ዝም ብሎ የሚታለፍ ቦታ አይደለም።

መንደሩ ካለፈ በኋላ መሬቱ ይከፈታል። ዛፉ ያበቃና የጓሳ ሜዳ ይዘረጋል። በሜዳው ላይ ተራርቀው የቆሙት ጅብራዎች ናቸው። ጅብራ ዛፍ ቢመስልም ዛፍ አይደለም። ለብዙ ዓመታት ሳያብብ ቅጠሉን በአናቱ ላይ ሰብስቦ ኃይል ያጠራቅማል፤ ከዚያ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ የአበባ ግንድ ያወጣል፣ ስፍር ቁጥር የሌለው ደቃቅ ዘር ይበትናል፣ ይሞታል። አንዴ ብቻ ነው የሚያብበው። ስለዚህ ያላበበ ጅብራ የቆረጠ ሰው የዓመታት ድካሙን ያለ ዘር ነው ያስቀረበት። ከእግራችሁ ሥር ጦስኝ ይሸታችኋል፤ ሽታውን አጣጥማችሁ እለፉ፤ በፓርክ ውስጥ ተክል አይለቀምም።

ክብሪት የያዘ ሰው የሚፈተነው በዚህ ሜዳ ላይ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በስሜን ተራሮች የተነሳው እሳት በመቶዎች የሚቆጠር ሄክታር ጓሳና አስታ በልቷል። የአካባቢው ሕዝብ በቅጠልና በአፈር ታገለው፤ በመጨረሻም ሄሊኮፕተርና ከእስራኤል የመጡ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች አግዘው ነው የጠፋው። አስታ ከሥሩ እንደገና ማቆጥቆጥ ይችላል፣ ዳግም ዛፍ ለመሆን ግን ረጅም ዓመታት ይፈልጋል። በበጋ መጨረሻ ጓሳው ደርቆ ነፋስ ሲነፍስበት አንድ የሲጋራ ቁራጭ ይበቃዋል። ስለዚህ ሜዳ ላይ እሳት አይነድም፣ ለማገዶም አስታ አይቆረጥም፤ የሚበስለው ይዛችሁ በመጣችሁት ምድጃና በካምፑ ማብሰያ ቦታ ብቻ ነው።

ግጭ ካምፕ ስትደርሱ ወዲያው አትተኙ። ደረቅ ልብስ ለውጡ፣ ትኩስ ሻይ ጠጡ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ በሜዳው ላይ ትንሽ ተንቀሳቀሱ። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች ውኃ በኮዳ ውስጥ ሊረጋ ይችላል፤ ካልሲያችሁንና የባትሪ ድንጋያችሁን ይዛችሁ መኝታ ከረጢት ውስጥ ግቡ። ቀላል ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ እንቅልፍ እንቢ ማለት የተለመዱ ናቸው፤ እነዚህ ያሉበት ሰው በማግስቱ ከዚያ ከፍታ በላይ አይውጣ። አረቄም ሆነ የእንቅልፍ ኪኒን አይቅመስ፣ ትንፋሽን ያዳክማሉ። ሰክሮ እንደሚራመድ ሰው የሚንገዳገድ፣ ንግግሩ የሚዘበራረቅ፣ ተቀምጦ ሳለ እንኳ ትንፋሽ የሚያጥረው ካለ ግን እስኪነጋ አይጠበቅም። አስጎብኚውንና ስካውቱን ቀስቅሳችሁ፣ በሽተኛውን በበቅሎ ላይ አድርጋችሁ፣ በሌሊትም ቢሆን ወደ ዝቅተኛ ቦታ አውርዱት። የከፍታ ሕመም ዋናው መድኃኒቱ መውረድ ነው።

ደህና ያደረ ሰው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ይነሳና ወደ እሜት ጎጎ ጫፍ ይወጣል። 3,926 ሜትር ነው፤ ከግጭ ሁለት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ጉሙ ሳይነሳ ከደረሳችሁ በሦስት በኩል ገደል ታያላችሁ፤ በአቅራቢ መነጽር የታችኛውን እርከን ቀስ ብላችሁ ፈትሹ፣ ዋልያ የሚቆመው እዚያ ነው። ከእሜት ጎጎ ወደ ጨነቅ የሚወስደውን መንገድ በሚቀጥለው ዝግጅታችን አብረን እንሄደዋለን።